ግዛዋ፣ ሥር አበስብስና ጠቃሚ ባክቴሪያ፦ የ14 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ችግሩ፦ የግዛዋ ችግኝ በበቀለ በ10ኛው ቀን አካባቢ ከአፈር ጋር የሚገናኘው አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል። ከዚህ የተረፈው ወደ መደብ ከተዛወረ በኋላ ታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፤ ሲነቀል ሥሩ በስብሶ ይገኛል። ከግዛዋ የሚፈለገው ደግሞ በዋናነት ሥሩ ነው፤ ደርቆ ተፈጭቶ ስለሚዋጥም የፀረ ፈንገስ ኬሚካል ቅሪት እንዲኖርበት አንፈልግም። ሥራው፦ ሥር ላይ የሚኖር ጠቃሚ ባክቴሪያ ማውጣት፣ መለየት፣ ማባዛት፣ መሞከር።

ሳምንት 1፦ ገዳዩን መለየት

የታመመውን ሥር በወራጅ ውሃ 20 ደቂቃ አጠብን። ቁራጩ የተወሰደው ነጩና ቡናማው ከሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጨርሶ ከበሰበሰው ክፍል ቢወሰድ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሬሳው ላይ የመጣ ፈንገስ እንጂ ገዳዩ አይደለም። ቁራጮቹን በ1 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት 1 ደቂቃ፣ በኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) በጸዳ ውሃ 3 ጊዜ፣ ከዚያ በጸዳ ማጣሪያ ወረቀት አድርቀን ድንች አጋር (ፈንገስ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ አስቀመጥን።

ድንች አጋር ለ1 ሊትር፦ 200 ግራም ድንች የተቀቀለበት ውሃ፣ 20 ግራም ዴክስትሮስ፣ 20 ግራም አጋር፤ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ። ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ 100 ሚሊ ግራም ስትሬፕቶማይሲን (ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ይጨመራል። አጋሩ እየፈላ ከተጨመረ መድኃኒቱ ይበላሽና ሳህኑ በባክቴሪያ ይሞላል።

ስህተት፦ ሁሉንም ቁራጭ በሃይፖክሎራይት አጠብን። ፒቲየም የተባለው ሌላ ሥር አበስባሽ ስስ ስለሆነ በዚህ እጥበት ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ «ፒቲየም የለም» ማለት አልቻልንም። ሁለተኛውን ዙር በውሃ ብቻ አጥበን፣ ምንም ምግብ በሌለው አጋር (በሊትር 15 ግራም አጋር ብቻ) ላይ ደገምን። አሁንም አልወጣም። መዝገቡ ላይ «የለም» የተባለው ከዚህ በኋላ ነው።

የወጡት ሁለት ፈንገሶች ናቸው። ፉዛሪየም፦ በማይክሮስኮፕ ማጭድ የመሰሉ ስፖሮች፣ ከነሱ ጎን ክብ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ክላሚዶስፖሮች። አስተናጋጅ ተክል ባይኖርም አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆየው በእነዚህ ነው። ራይዞክቶኒያ፦ ስፖር የለውም፤ ክሩ ወደ ጎን ሲቀጠል ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል፣ መቀጠያው ላይም ወገቡን የታሰረ ይመስላል። ሁለቱንም ጤነኛ ችግኝ ላይ መልሰን አስይዘን፣ ያው ምልክት ሲታይ ከታመመው ሥር እንደገና አወጣናቸው። ይህን ደረጃ መዝለል ያጓጓል፤ ግን ገዳይ ላልሆነ ፈንገስ መድኃኒት ሲፈልጉ ወራት ማባከን አለ።

ሳምንት 2፦ ባክቴሪያ ፍለጋ

ናሙና የወሰድነው የሞቱ ተክሎች መካከል ጤነኛ ሆነው ከቆሙ ግዛዋዎች ነው። ተነቅለው፣ የሚራገፈው አፈር ተራግፎ፣ ሥሩን የሙጥኝ ያለው አፈር ብቻ ቀረ። ከአፈሩ ጋር 10 ግራም ሥር በ90 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ (0.85 በመቶ) ውስጥ፣ ሼከር (መነቅነቂያ) ላይ 30 ደቂቃ። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትሩን ወደ 9 ሚሊ ሊትር እየገለበጡ እስከ 10⁻⁶ (አንድ ሚሊዮንኛ) ማቅጠን።

የፈለግነው ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ፣ ባሲለስና ሱዶሞናስ፣ ስለሆነ መንገዱም ሁለት ነው። ባሲለስ ሙቀት የሚችል ስፖር ስላለው ፈሳሹ 80 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ ይቆይና ኑትሪየንት አጋር ላይ ይዘረጋል፤ ስፖር የሌለው በሙቀቱ ይሞታል። ሱዶሞናስ ስፖር የለውም፤ ሳይሞቅ ኪንግስ ቢ በሚባለው አጋር ላይ ይዘረጋል (በሊትር ፕሮቲዮስ ፔፕቶን 20 ግራም፣ ግሊሰሮል 10 ሚሊ ሊትር፣ ዳይፖታሲየም ፎስፌት 1.5 ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 1.5 ግራም፣ አጋር 15 ግራም፣ ፒኤች 7.2)። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቢጫ አረንጓዴ የሚያበራው ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ይለቀማል።

ስህተት፦ ሙሉውን ፍላስክ ወተር ባዝ ውስጥ ነክረን፣ ገንዳው 80 ሲያሳይ ሰዓት ጀመርን። የፍላስኩ መሃል ገና 62 ዲግሪ ነበር። ከሳህኑ ያነሳነው ሩብ ያህሉ ስፖር የሌለው ሆኖ ተገኘ። ማስተካከያ፦ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ በቀጭን ቱቦ፤ ጎኑ ቴርሞሜትር የተነከረበት ተመሳሳይ ቱቦ፤ ሰዓቱ የሚጀምረው በዚያ ቴርሞሜትር ነው።

ሌላ እክል፦ ሥር እየመሰለ በሳህኑ ሙሉ የሚዘረጋ ባሲለስ ሌሎቹን ኮሎኒዎች ዋጠ። ሳህኖቹን ከመዝራት በፊት ክዳናቸውን ገለጥ አድርገን በንጹሕ ካቢኔት ውስጥ 30 ደቂቃ ስናደርቃቸው ስርጭቱ ቀነሰ። በመጨረሻ 24 አይሶሌት (ለየብቻው ተለይቶ የወጣ ባክቴሪያ) ተመረጠ፦ 16 ባሲለስ (ባ-1 እስከ ባ-16)፣ 8 ሱዶሞናስ (ሱ-1 እስከ ሱ-8)። ሁሉም በ20 በመቶ ግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ገቡ፤ እያንዳንዱ በሁለት ቱቦ።

ሳምንት 3፦ ሳህን ላይ ማጋጠም

ወጪው እዚህ ነው የሚያሻቅበው። 24 አይሶሌት በ2 ፈንገስ በ3 ድግግሞሽ 144 ሳህን፣ ከነማነጻጸሪያው 150። በሳህን 20 ሚሊ ሊትር 3 ሊትር አጋር ማለት ነው። የምናደርገው ዙር ሁሉ ይህን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስህተት የሚሠራው በ6 ሳህን ሙከራ ላይ ቢሆን ይሻላል። እኛ በ150 ሠራነው።

አሠራሩ፦ 5 ሚሊ ሜትር የፈንገስ ቁራጭ መሃል ላይ፣ ባክቴሪያው ከመሃል 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ በመስመር። ፈንገሱ ወደ ባክቴሪያው ያደገበት ርቀት ባክቴሪያ ከሌለበት ሳህን ጋር ይነጻጸራል። ለምሳሌ ማነጻጸሪያው 38፣ ከባክቴሪያው ጋር 21 ሚሊ ሜትር ከሆነ፦ (38−21)÷38 ሲባዛ በ100፣ 45 በመቶ ማገድ።

ስህተቱ፦ ራይዞክቶኒያን ከባክቴሪያው ጋር በአንድ ቀን ዘራን። እሱ ሳህኑን በ3 ቀን ይሞላል፤ ባክቴሪያው ገና ምንም ሳያመርት ተረገጠ። 72 ሳህን ተጣለ። በሁለተኛው ዙር ባክቴሪያው 36 ሰዓት ቀደመ። ለፉዛሪየም ይህ አያስፈልግም፤ እሱ ሳህን ለመሙላት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

የሱዶሞናሶቹ ክበብ (ፈንገሱ የማያድግበት ዙሪያ) ኪንግስ ቢ ላይ ሰፊና የሚያምር ነበር። ይህ አጋር ብረት ያጥረዋል፤ ሱዶሞናስም ብረት የሚሻማ ፒዮቨርዲን ያመርታል። ስለዚህ 100 ማይክሮ ሞላር ፌሪክ ክሎራይድ ጨምረን ደገምነው። የ5 አይሶሌቶች ክበብ ጨርሶ ጠፋ፤ ያ ሁሉ የብረት ሽሚያ ነበር ማለት ነው። ሱ-3፣ ሱ-6 እና ሱ-7 ግን ክበባቸውን ጠበቁ፤ ፀረ ፈንገስ ውህድ እንደሚያመርቱ ከዚያ በኋላ ገመትን። ብረት የበዛበት አፈር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህች አንዲት ተጨማሪ ሳህን ብዙ ታድናለች።

ከባሲለሶቹ ሰፊው የባ-4 ነው፦ ፉዛሪየምን 68 በመቶ አገደ። ባ-11 44 በመቶ ላይ ቆመ፤ መካከለኛ ነው።

ሳምንት 4፦ ለሰው አደገኛ የሆነውን ማስወገድ

መድኃኒት ተክል ስለሆነ ይህ ከሁሉ በፊት ቢደረግ ይሻል ነበር፤ 150 ሳህን ከመጨረሳችን በፊት። ባሲለስ ሲሪየስ ፈንገስ ያግዳል፣ ስፖር አለው፣ ሥር ላይም ይኖራል፤ ግን የምግብ መመረዝ ያመጣል። በደረቀ ሥር ዱቄት ውስጥ ስፖሩ አይሞትም። መለያው ማኒቶል፣ የእንቁላል አስኳልና ፖሊሚክሲን ያለበት አጋር ነው፤ ሲሪየስ ሮዝ ኮሎኒ ይሠራል፣ ዙሪያውም ነጭ ደለል ይታያል። ባ-2፣ ባ-9 እና ባ-13 እንዲህ ሆኑ። ባ-9 ራይዞክቶኒያ ላይ ከሁሉ የበለጠው ነበር። ተጣለ፤ ቱቦውም በኦቶክሌቭ ተቀቀለ።

ለሱዶሞናስ፦ 42 ዲግሪ ላይ 48 ሰዓት። በዚህ ሙቀት የሚያድግ ሰውን የሚያሳምመው ኤሩጂኖሳ ሊሆን ይችላል፤ ፍሉረሰንስ አያድግም። ሱ-7 አደገ፤ ወጣ። የተረፉት ሁሉ የደም አጋር ላይ ተዘረጉ፤ ደሙን ያሟሟ ለጊዜው ከሥራ ታግዷል። ብዙ ባሲለሶች ሰርፋክቲን ስለሚያመርቱ ቀይ የደም ህዋስን ያሟሟሉ፤ ይህ ብቻውን አደገኛ ናቸው አያሰኝም። የዘረመል ቅደም ተከተላቸው እስኪነበብ እንዲቆዩ ተደረገ።

ሳምንት 5፦ ምልክት ማድረግ

አፈር ውስጥ ባሲለስ ሞልቷል። የእኛ መሆኑን ካላወቅን ቆጠራው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሪፋምፒሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚቋቋም የእያንዳንዱን ባክቴሪያ ልውጥ (ዘረመሉ በራሱ የተለወጠ ህዋስ) መረጥን፦ ሌሊቱን በሾርባ ያደገውን ባክቴሪያ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት በሚሽከረከር መለያ) ጠቅጥቆ፣ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲን ባለበት አጋር ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር ማሰራጨት። በ3 ቀን ከ100 ሚሊዮን ህዋስ አንድ ገደማ ይወጣል። ከዚያ ወደ 100 ሚሊ ግራም። መድኃኒቱ ውሃ ላይ በደንብ ስለማይሟሟ በሜታኖል ይሟሟል፤ ብርሃን ስለሚጎዳው ሳህኖቹ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ልውጡ ከእናቱ ጋር መመሳሰሉ መፈተሽ አለበት። የባ-11 የመጀመሪያው ልውጥ በሼከር ላይ በግማሽ ፍጥነት ነበር ያደገው፤ ይህን ይዘን ብንሄድ ኖሮ «ባ-11 ሥር አይዝም» ብለን እንጽፍ ነበር። ከ10 ልውጦች እድገቱም ክበቡም እንደ እናቱ የሆነውን አንዱን ወሰድን። መድኃኒት በሌለበት አጋር 10 ጊዜ አሳልፈን ስንመልሰው አሁንም ይቋቋማል።

ሳምንት 6፦ ማባዛትና ዱቄት ማድረግ

ባሲለሱን በጣም ለም በሆነ ሾርባ አሳድገን በ24 ሰዓት አወጣነው። ቁጥሩ ብዙ ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ግን ስፖር የለም ማለት ይቻላል። ዱቄት ሲሆን በ10 ቀን አለቀ። ምግብ እስካለ ድረስ ባሲለስ ስፖር ለመሥራት አይቸኩልም። ማስተካከያ፦ ቀለል ያለ ሾርባ (በሊትር 8 ግራም ኑትሪየንት ብሮዝ)፣ 10 ሚሊ ግራም ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ 30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 180 ዙር፣ 72 ሰዓት። ማንጋኒዟ ትንሽ ትመስላለች፤ ያለሷ ስፖሩ ይቀንሳል። የሚወጣው በማይክሮስኮፕ ከ10 ህዋስ 9ኙ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ስፖር ሲታይ ብቻ ነው።

ቆጠራ፦ ከ10⁻⁶ ቱቦ 0.1 ሚሊ ሊትር ተዘርግቶ 86 ኮሎኒ። 86 ለ10⁻⁷ ሲካፈል በሚሊ ሊትር 8.6×10⁸። ከ30 በታች ወይም ከ300 በላይ ያለበት ሳህን አይቆጠርም።

ዱቄቱ፦ 1 ኪሎ ታልክ (ከአስቤስቶስ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ)፣ 15 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ፒኤቹን ወደ 7 ለማምጣት፣ 10 ግራም ሲኤምሲ (ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ) ለማጣበቂያ። ደረቁ ድብልቅ በሁለት ተከታታይ ቀናት በኦቶክሌቭ ይጸዳል። ከዚያ ባክቴሪያው ያደገበት ሾርባ 400 ሚሊ ሊትር ይጨመራል፤ በጓንት ይታሻል፤ ጥላ ውስጥ በስሱ ተዘርግቶ እርጥበቱ 20 በመቶ እስኪደርስ ይደርቃል። በመዳፍ ሲጨመቅ ይይዛል፣ በጣት ሲነካ ይፈርሳል፤ ልኩ ያ ነው። ታልክ ስለሚቦን የአፍና አፍንጫ ጭምብል ግድ ነው። የደረቀው በግራም 2×10⁸ ሰጠ።

ሱዶሞናሱ ስፖር ስለሌለው በዱቄት አልተማመንበትም፤ በፈሳሽ፣ በተሠራበት ቀን።

ሳምንት 7፦ የበሽታውን መጠን መለካት

ራይዞክቶኒያን ተዘፍዝፎ በኦቶክሌቭ ሁለት ጊዜ በጸዳ የማሽላ ፍሬ ላይ ለ2 ሳምንት አስቀድመን አሳድገን ነበር። በመጀመሪያ በኪሎ አፈር 10 ግራም ቀላቀልን፤ በ9 ቀን ሁሉም ችግኝ ሞተ፣ ባክቴሪያ ያገኘውም። ይህን ያህል በሽታ የሚችል ባክቴሪያ ማግኘት አይታሰብም፤ ሙከራው ምንም አይለይም። 5 ግራምም በዛ። 2 ግራም ግን ካልታከሙት ከግማሽ በላይ ገድሎ የተወሰኑትን ተወ። በዚህ ቀጠልን።

ሳምንት 8 እስከ 10፦ ማሰሮ

500 ግራም አፈር በፕላስቲክ ማሰሮ፣ 5 ችግኝ በማሰሮ፣ 10 ማሰሮ በክፍል። ችግኞቹ በጸዳ አሸዋ የበቀሉ ናቸው። ባክቴሪያው በሚሊ ሊትር 10⁸ ሆኖ 20 ሚሊ ሊትር በማሰሮ፤ ፈንገሱ ከ5 ቀን በኋላ። ካልታከመው ክፍል ሌላ የተቀቀለ (የሞተ) ባክቴሪያ የተሰጠው ክፍል ተጨመረ። ሾርባው ራሱ ማዳበሪያ ስለሆነ ያለዚህ ክፍል «ባክቴሪያው ረዳ» ማለት ግምት ነው።

ከ50 የሞቱት፣ በ21ኛው ቀን፦ ፈንገስ ብቻ 31። የሞተ ባክቴሪያ 28። ባ-4 27። ባ-11 12። ሱ-3 15። ባ-11 እና ሱ-3 ተደባልቀው 13።

ባ-4፣ ሳህን ላይ አንደኛው፣ ከሞተ ባክቴሪያ በምንም አልተሻለም። በመጀመሪያ የቅልቅል ስህተት መሰለንና ደገምነው፤ በዚህ ጊዜ ግማሹን በጸዳ አፈር፣ ግማሹን ባልጸዳ። በጸዳው አፈር ባ-4 ከ50 ያጣው 6 ብቻ ነው። ባልጸዳው እንደገና ወደቀ።

መልሱ ሥሩ ላይ ነበር። 1 ግራም ሥር ታጥቦ፣ ተፈጭቶ፣ ሪፋምፒሲንና የፈንገስ መከላከያ ኒስታቲን ባለበት አጋር ላይ ተቆጠረ። በ3ኛው ሳምንት ባልጸዳ አፈር ባ-4 በግራም ከ10³ በታች ወርዷል። ባ-11 10⁵ አካባቢ ጸንቷል። በሱዶሞናስ ላይ በተሠሩ ሥራዎች ጥበቃ ለማግኘት በግራም ሥር 10⁵ ገደማ እንደሚያስፈልግ ይታወቃል፤ የእኛም ቁጥር ከዚያ አልራቀም። ባ-4 ባዶ ቤት ውስጥ ጌታ ነው፤ ነባር ተህዋስያን ባሉበት ቦታ አያገኝም። ከዚህ በኋላ የመምረጫው ቅደም ተከተል ተገለበጠ፦ መጀመሪያ ባልጸዳ አፈር ሥር ላይ መቆየቱ፣ ቀጥሎ ክበቡ። የሳህኑ ወጪም በዚያው ይቀንሳል፤ 24ቱን ሳይሆን የቆዩትን 5 ወይም 6 ብቻ ማጋጠም ነው።

ድብልቁ ለምን አልበለጠም? ባ-11 እና ሱ-3ን አጋር ላይ አቋርጠን ስንዘራቸው ሱ-3 ባ-11ን በ4 ሚሊ ሜትር አገደው። ይህ የ10 ደቂቃ ሥራ ከመደባለቁ በፊት መሆን ነበረበት።

ጊዜውንም ሞከርን፣ በባ-11። 5 ቀን ቀድሞ የተሰጠው ከላይ ያለው ነው። በአንድ ቀን አብሮ ሲሰጥ የሞተው 20 ሆነ። የመጀመሪያው ችግኝ ከወደቀ በኋላ ሲሰጥ 29፣ ማለትም ምንም። የታመመ ተክል ላይ የሚፈስ ባክቴሪያ መድኃኒት አይደለም።

ሳምንት 11 እስከ 13፦ መደብ

ችግኙ ከመተከሉ በፊት ሥሩ በሊትር 10 ግራም የባ-11 ዱቄት ባለበት ውሃ 30 ደቂቃ ተነከረ። ከተተከለ በ15ኛው ቀን በአንድ ተክል 50 ሚሊ ሊትር ሥሩ ላይ። ውሃው ክሎሪን ያለበት ከሆነ ክፍት ሆኖ ያድራል፤ በአንዳንድ ቦታ የሚጨመረው ክሎራሚን ግን በማደር አይወጣም፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይፈልጋል። በንጽጽር የሞከርነው ሱ-3 ባላደረ የቧንቧ ውሃ በአንድ ሰዓት ቁጥሩ 100 እጥፍ ወረደ። የባ-11 ስፖር ብዙም አልተጎዳም።

ማጠጫው ቀድሞ የመዳብ ፀረ ፈንገስ የተረጨበት አለመሆኑም ይረጋገጥ። ውሃ የሚሰጠው በማለዳ ነው፤ በቀትር አፈሩ ከላይ ሲግል አዲስ የገባው ባክቴሪያ ሥሩ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል።

በ13ኛው ሳምንት ከ4 መደብ ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው ያልታከመ ይመስላል። ነቅለን ስናይ ሥሩ ላይ እንደ ሽምብራ ያሉ እብጠቶች፦ ሥር አሳባጭ ኔማቶድ። እሱ ሥሩን ሲበሳ ፉዛሪየም በተከፈተው በር ይገባል። እብጠቱ ላይ ባ-11 በግራም 10⁵ ቆጠርን፤ ባክቴሪያው አለ፣ ግን ቀዳዳ አይደፍንም። ይህ መደብ እርጥብ እንደሆነ በግልጽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ በበጋው ፀሐይ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ባ-11 የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ፀሐዩ ጠቃሚውንም ነባር ተህዋስ ስለሚያሳሳ አዲስ የሚገባው ቦታ ያገኛል ብለን እንጠብቃለን። ምናልባት ባ-4ም። በሁለት ጥግ ብቻ እንሞክረዋለን።

ሳምንት 14፦ የዱቄት ቆጠራ

በክፍል ሙቀት፣ በታሸገ ጥቁር ፕላስቲክ የተቀመጠ የባ-11 ዱቄት፣ ከ8 ሳምንት በኋላ፦ በግራም 9×10⁷። ከመነሻው ከግማሽ በታች ነው፤ ስለዚህ ከአሁን ወዲያ መጠኑ በሊትር 20 ግራም። አንዱ ከረጢት በደንብ ሳይደርቅ ታሽጎ ስለነበር አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል፤ ተቃጥሏል። ማድረቂያው ላይ ሚዛን ተቀምጧል፤ ከእንግዲህ እርጥበቱ በመዳፍ ሳይሆን በክብደት ይለካል። የሚቀጥለው ቆጠራ በ20ኛው ሳምንት፤ ሥሩ ሲነቀል ደግሞ ከእያንዳንዱ መደብ 10 ሥር ለክብደትና ለባክቴሪያ ቆጠራ ይወሰዳል።